«ከ10 አራት» የተባለው መንገድ ለማን ነው አራት?

የመክፈቻው ጥያቄ (የኔው)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ያለችኝ የ2012 ቶዮታ ፎርራነር ናት። ፎር ዊል ናት፣ ከሰቀልኩባት የጎን መርገጫ በቀር ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ባለፈው ጁላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ሳን ሁዋን ተራሮች ሄድን። ሐሳባችን ዩሬይ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ተነስተን፣ ኢንጂነር ፓስ የሚባለውን የተራራ ማለፊያ አቋርጠን ሌክ ሲቲ መግባት ነበር። ከመሄዴ በፊት የመንገዱን ደረጃ ፈለግኩ። አንዱ ቦታ ከ10 ሦስት ይላል። ሌላው አምስት ይላል። ሦስተኛው ቁጥርም የለው፣ መካከለኛ ብሎ አልፎታል። እኔም መሃሉን ይዤ አራት ነው አልኩ። ከአሥር አራት ደግሞ እኛ ትምህርት ቤት የወደቀ ተማሪ ውጤት ነበር። መንገዱም የወደቀ መስሎኝ ናቅኩት።

እንዲያውም ጓደኞቼ ፊት ጉራዬን ነፍቻለሁ። ያደግኩት ጎንደር ነው። ልጅ ሆኜ በአውቶቡስ ሊማሊሞን ስንት ጊዜ ወርጃለሁ። ሊማሊሞን ያየ ሰው የኮሎራዶ ዳገት ምን ያደርገዋል አልኩ።

ዳገቱስ ምንም አላደረገኝም። ጉድ ያደረገኝ ድንጋዩ ነው። ከ550 አውራ ጎዳና ታጥፈን ገና ብዙ ሳንርቅ፣ ሚኒራል ክሪክ በሚባለው በኩል፣ መኪናዋ እንደ ደረጃ የተደረደረ አለት ላይ ወጥታ በሆዷ ተቀመጠች። የጎን መርገጫዋ ተጣመመ። የኋላ ግራ ጎማዋ አየር ላይ ቀረና ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ከኋላችን አራት መኪና ተሰለፈ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከጂፓቸው ወርደው ጎማው ስር ድንጋይ ጎዘጎዙልኝ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆመው በእጃቸው ግራ ቀኝ እያሉ አወጡኝ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ጓደኞቼ ሌክ ሲቲ እስክንደርስ ስለ ሊማሊሞ ሲጠይቁኝ ነበር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይሄ ቁጥር የሚለካው ምኑን ነው? ማነው የሚሰጠው? ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ደረጃ ካየሁ የቱን ልመን?

መልሶቹ ከጠበቅኩት በላይ በዙ። መሃሉም በጭቅጭቅ ተሞላ። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው ይመቸው ብዬ በተራ ቁጥራቸው እዚህ አጠቃልዬዋለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። የራሴንም አስተያየት በየመሃሉ ጣል አድርጌያለሁ።

መልስ 1

የመጣው ከዴንቨር ነው፣ እጅግ ጨዋ ሰው። እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ ብሎ ጀመረ። ቁጥሩን የሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት እንደሌለ አስረዳኝ። ዩታ ውስጥ ሞአብ ላይ ያለው ሬድ ሮክ ፎር ዊለርስ የተባለ ክለብ የራሱ ከ1 እስከ 10 መለኪያ አለው። በፋሲካቸው ሰሞን በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የጂፕ ጉዞ ላይ መንገዶቹን የሚለየው በዚያ ነው። የመንገድ መጽሐፍ የሚያዘጋጁት የራሳቸው አላቸው። የስልክ አፖቹም እንደዚያው።

ከዚያ በግርድፉ ደረደረልኝ። 1 ማንኛውም የቤት መኪና የሚሄድበት ጠጠር መንገድ ነው። 2 እና 3 ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋሉ፤ ደረቅ ከሆነ ፎር ዊል ሳያስገቡም ሊታለፉ ይችላሉ። 4 እና 5 ላይ ፎር ሎው፣ ማለትም የፎር ዊሉ ከባድ ማርሽ፣ ይመጣል። እዚህ ላይ ጎማውን የት ድንጋይ ላይ እንደሚያሳርፉ መምረጥ ይጀመራል። 6 እና 7 ትልልቅ ጎማና ዲፈረንሻሉ የሚቆለፍ (ግራና ቀኝ ጎማው እኩል እንዲዞር) መኪና ይሻሉ። ከ8 በላይ ያለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መኪና፣ ዊንች (መኪናን በገመድ የሚጎትት መሣሪያ)፣ ደግሞም ቦዲው ቢጨረመት የማያለቅስ ባለቤት ይጠይቃል። ለዚህ የካሊፎርኒያውን ሩቢከን የተባለ መንገድ ጠቀሰ። ርዝመቱ 22 ማይል ያህል ነው፣ ብዙ ሰው ግን ሁለት ቀን ይፈጅበታል።

ስለዚህ አራት ማለት የወደቀ ተማሪ አይደለም። ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች መኪና ላብ የሚያሰምጣት እዚያ አካባቢ ነው። ይሄን ቀድሜ ባውቅ መርገጫዬ ይተርፍ ነበር።

መልስ 2

ፎቶ የታለ? ብቻ ነው ያለው። ፎቶ የለም። ሁለቱም ጓደኞቼ ድንጋይ እየለቀሙ ነበር።

መልስ 3

እዚህ ላይ ቃናው ተቀየረ። መልሱን የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው። አገር ቤት ሳሉ ለእርዳታ ድርጅት አፋርና ኦጋዴን ውስጥ ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ይነዱ ነበር። አሁን ዳላስ ይኖራሉ። ቁጥር የሚባለው ነገር ቀልድ ነው አሉ። እሳቸው ኤርታሌ ስር እስካለው ዶዶም ድረስ በቀለጠና በደረቀ ድንጋይ ላይ ሰው ሲያመላልሱ ስንት ከአሥር እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም።

ቀጥሎ ያሉት ግን ከውይይቱ ሁሉ ከወደድኳቸው ነገሮች አንዱ ነው። አፋር ውስጥ መንገድ የሚጠየቀው በዳጉ ነው። ሁለት አፋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ውሃ የት አለ፣ የትኛው ወገን ሰላም ነው፣ መኪና የት ሰመጠ። ያ ወሬ የዛሬ ጠዋት ወሬ ነው። እኔ ያነበብኩት ቁጥር ግን መቼ እንደተሰጠ እንኳ አይታወቅም። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በደረቅ ቀን አልፎ የጻፈው ሊሆን ይችላል።

ዋልካን ጨመሩበት። በጥር ታክሲ የሚያልፍበት ጥቁር አፈር በሐምሌ ትራክተር ይውጣል። እና ያ መንገድ ስንት ነው? አንድ ነው ወይስ አሥር? ብለው ጠይቀው፣ ወጣቱ ሁሉ ስልክ ላይ ተጣብቆ ሰው መጠየቅ ረሳ ብለው ጨረሱ። ትንሽ ቆጣ ብለዋል። ቢሆንም ልክ ናቸው።

መልስ 4

ሶልት ሌክ ሲቲ የሚኖር ልጅ የመልስ 3ን ጋሼ ደገፋቸው። ዩታም የራሷ ዋልካ አላት አለ። ቤንቶናይት ይሉታል፣ ሸክላ አፈር ነው። ሲደርቅ እንደ አስፋልት ያስኬዳል። ዝናብ ሲነካው ጎማውን እንደ ሊጥ ይለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ጎማው ጥርስ ይኑረው አይኑረው ለውጥ የለውም። ፎር ዊልም፣ ዲፈረንሻል መቆለፍም አያድንም። እሱ ራሱ አንድ ሌሊት መኪናው ውስጥ አድሮ፣ ፀሐይ ሲያደርቀው እንደ ምንም ሳይሆን ነድቶ ወጥቷል።

በተቃራኒው ሞአብ ያለው ስሊክሮክ የሚባለው ቀይ አለት ስሙ ያታልላል። አንሸራታች አለት ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ጥንት የመጡት ሰፋሪዎች ናቸው፣ የፈረሶቻቸው የብረት ጫማ ስለሚንሸራተት። ላስቲክ ጎማ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይነክሰዋል። ኄልስ ሪቬንጅ የተባለው መንገድ ላይ ሰው ግድግዳ የሚያህል አለት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 5

ይሄኛው እኔን ለይቶ መጣ። ሊማሊሞን ምን አመጣው አለ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የጠረበው፣ አውቶቡስና የጭነት መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው። ገደሉ ያስፈራል እንጂ ጎማ የሚያርፍበት መሬት ሞልቷል። ሁለት ነገር ቀላቅለሃል አለኝ። ሥጋትና ችግር አንድ አይደሉም። አንዳንድ መንገድ ወለሉ ሜዳ ነው፣ ጠርዙ ገደል። አንዳንዱ ደግሞ ገደል የሚባል የለውም፣ ወለሉ ግን መኪና ይበላል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ወለሉ ነው። ገደሉን የሚጠቅስ ካለ ለብቻው በጽሑፍ ያስቀምጠዋል፣ ያንን ደግሞ ማንም አያነበውም።

ከፍታንም አነሳ። ኢንጂነር ፓስ 12,800 ጫማ ነው፣ 3,900 ሜትር ገደማ። ዩሬይን ከቴሉራይድ የሚያገናኘው ኢሞጂን ፓስ 13,114 ጫማ፣ ማለትም 3,997 ሜትር። ባሌ ውስጥ ሳነቴ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ ግን 4,377 ሜትር ነው፣ ጫፉ ድረስ በጠጠር መንገድ በመኪና ይወጣል። ከኢሞጂን ወደ 400 ሜትር ይበልጣል፣ ለመንዳት ግን በጣም ይቀላል። ከፍታ የሚጎዳው ሞተሩን ነው። ተርቦ (አየር አፍኖ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 13,000 ጫማ ላይ ከሲሶ በላይ ጉልበት ሄዷል ማለት ነው። ፎር ሎው የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

ምላሱ ስለት ነበር። ሆኖም ከዚህ መልስ በኋላ ሊማሊሞን አላነሳሁም።

መልስ 6

እኔ ነኝ። ታዲያ ሦስት ያለው ሰው ዋሽቶኛል ወይስ አልዋሸኝም ብዬ ጠየቅኩ። ቀጥተኛ መልስ ፈልጌ ነበር።

መልስ 7

ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የምትኖር ነርስ ናት። ሁለት በር ጂፕ ራንግለር አላት። ወንዶቹ ስለ ኩራታችሁ ነው የምታወሩት፣ እሱ የጠየቀው ስለ መንገድ ነው ብላ ገባች። ከዚያ የሦስቱን ደረጃ ምስጢር ፈታችልኝ።

አንዳንዱ መንገዱን የሚመዝነው በጣም በከፋችው አንዲት ቦታ ነው። ሃያ ማይል ሜዳ ሆኖ አንዲት ክፉ ደረጃ ካለችው ስድስት ይለዋል። ሌላው ጠቅላላ ጉዞውን አይቶ አማካይ ይሰጣል፣ ያው መንገድ ሦስት ይሆናል። ሁለቱም አልዋሹም። የኔ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ኢንጂነር ፓስ ከአንድ በላይ መግቢያ አለው። እኔ በገባሁበት በ550 በኩል ያለው ሚኒራል ክሪክ ከመንገዱ ሁሉ ክፉው ክፍል ነው። በሲልቨርተን በኩል፣ አኒማስ ፎርክስ የሚባለውን ጥንታዊ የማዕድን መንደር አልፌ ብወጣ ኖሮ ያንን አለት አላየውም ነበር። ያው ፓስ፣ ያው ስም፣ ያው ጫፍ። ሦስት ብሎ የጻፈው በሲልቨርተን የወጣ፣ አምስት ያለው በሚኒራል ክሪክ የገባ ሊሆን ይችላል አለች።

እሷ ቁጥር ካየች በኋላ ሦስት ነገር ትጠይቃለች። የከፋችው ቦታ የቷ ናት፣ ስንተኛው ማይል ላይ? እዚያ ደርሼ ቢያቅተኝ መዞሪያ አለ? ካልሆነልኝ ምንድን ነው የሚሆነው፣ መርገጫ ይጣመማል ወይስ ሰው ይሞታል?

ለመጨረሻው ጥያቄ የብላክ ቤር ፓስን ታሪክ አወራች። ከሬድ ማውንቴን ፓስ ተነስቶ 12,840 ጫማ ይወጣና ወደ ቴሉራይድ ይወርዳል። ደረጃዎቹ የሚባሉት የአለት እርከኖች ካሉበት ጀምሮ ወደ ታች ብቻ ነው የሚኬደው። ከወረድክ መመለስ የለም። ቀጥሎ ከብራይደል ቬይል ፏፏቴ በላይ ጠመዝማዛው ይመጣል፤ ረጅም መኪና አንዱን መታጠፊያ በአንድ ጊዜ አይጨርስም፣ ገደል አፍ ላይ ወደ ኋላ ማለት አለበት። ድንጋዩ ብቻውን ሲመዘን ከሞአብ ብዙ መንገዶች ያንሳል። ስህተቱ ግን አይታረምም። እሷ ከመንዳቷ በፊት በእግሯ ወርዳ አይታዋለች። ባለቤቷ እንዲያውም አልሳፈርም አለ። በጓደኛ መኪና በአስፋልት ዞሮ ቴሉራይድ ማኪያቶ ይዞ ጠበቃት። እስከ ዛሬ በዚያ ማኪያቶ ይቀለድበታል አለች። በኔ አስተያየት ሰውየው ብልህ ነው።

መልስ 8

ከሞንታና የመጣ እርማት። መልስ 1ን አከበረና አንድ ነገር ጎድሎታል አለ። የአሜሪካ የደን አገልግሎት መንገዶቹን ከ1 እስከ 5 ይመድባል። ያ ምደባ ግን የጥገና ደረጃ ነው፣ አቅጣጫውም የተገላቢጦሽ ነው። 5 ምቹው መንገድ ነው። 3 የቤት መኪና ይሄድበታል። 2 ሆዱ ከፍ ላለ መኪና ብቻ ነው። 1 ለመኪና ጭራሽ ተዘግቷል። አንድ የሚያውቀው ሰው ደረጃ 2 የሚል አይቶ ቀላል ነው ብሎ በካምሪ ገብቶ ኮፓውን (የሞተር ዘይት መያዣውን) በስቶ ወጥቷል። ዘይቱ አልቆ ሞተሩ ነክሷል። ሌላው ደግሞ አገልግሎቱ በነፃ የሚያወጣው የመኪና መንገዶች ካርታ ነው። የቱ መንገድ ለየትኛው መኪና፣ በየትኛው ወቅት በሕግ እንደተፈቀደ ይነግራል። ስለ ክብደቱ አንዲት ቃል የለውም። የተፈቀደ ማለት የሚቻል ማለት አይደለም።

ከመልስ 9 እስከ 12

ቶዮታና ጂፕ ተጣሉ። መልስ 9 የራንግለር ባለቤቶች ጉራ ብቻ ናቸው፣ ቶዮታ አይሰበርም አለ። መልስ 10 ያልተሰበረ ሰው የትም ያልሄደ ነው ብሎ መለሰለት። መልስ 11 ወደ አገር ቤት የመኪና ዋጋ ወሰደን። መልስ 12 ከ2024 ጀምሮ ኢትዮጵያ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ስለከለከለች ክርክሩ ሁሉ ያረጀ ነው፣ አሁን መጠየቅ ያለበት ኤሌክትሪክ መኪና ቱሉ ዲምቱን ይወጣል ወይ ነው አለ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ የመለሰ ሰው ግን የለም። በመሃል የተጻፉ ሁለት ስድቦችን ዘልያለሁ።

መልስ 13

ዱባይ የሚሠራ ወንድማችን። ዓርብ ዓርብ ከጓደኞቹ ጋር አሸዋ ላይ ይነዳል። የድንጋይ መንገድ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፣ አለቱ ነገም እዚያው ነው። የአሸዋ ክምር ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቅርጹን ይለውጣል። ባለፈው ሳምንት በቀላሉ የተወጣው ጉብታ ዛሬ ማዶው ተቆርጦ ይጠብቃል። እነሱ ዘንድ ደረጃ የሚሰጠው ለሰው ነው። ጀማሪ ከጀማሪ ጋር፣ የለመደ ከለመደ ጋር ይወጣል፣ ከፊት የሚመራ አለ፣ ከኋላ የሚሰበስብ አለ።

ስለ ጎማ አየር የነገረንም እሱ ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) የነበረውን አሸዋ ላይ ወደ 15 ያወርዱታል። ጎማው ሲላላ መሬት የሚነካው ርዝመቱ ይጨምራል፣ አይሰምጥም። እኛም ጋ ኮሎራዶ ውስጥ ግሬት ሳንድ ዱንስ አጠገብ ያለው ሜዳኖ ፓስ በዚህ ይመሳሰላል። መንገዱ ከባድ አይደለም፣ አየር ሳያወጣ የገባ ሰው ግን አሸዋው ላይ ይቀራል።

መልስ 14

አየር ካወጣሁ ጎማው ከቸርኬው አይወጣም ወይ ብሎ የጠየቀ አለ። የጀማሪ ጥያቄ ነው ብለው ሁለት ሰዎች ሳቁበት። እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር፣ ስለሳቁ ተውኩት።

መልስ 15

ሳቁን ያስቆመው ቨርጂኒያ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው አለ። ከልክ በላይ ካወጡና በፍጥነት ሹል መታጠፊያ ከታጠፉ ይወጣል። ድንጋይ ላይ ለተራ ጎማ ከ18 እስከ 20 ይበቃል፣ ቀስ ብሎ ለሚነዳ። አስፋልት ከመመለስ በፊት ደግሞ መሙላት ግድ ነው፣ ስለዚህ ኮምፕረሰር ሳይዙ አየር አያወጡም።

ከዚያ ወደ እኔ መርገጫ መጣ። በእንግሊዝኛ የአንግል ስም እየጠራ አላደናገረኝም። የመኪናን አፍንጫ፣ ሆድና ጅራት እይ አለ። አፍንጫው ከፊት ጎማ ብዙ ቀድሞ ከወጣ፣ ጎማው ድንጋዩን ሳይነካ መከላከያው ይነካል። ጅራቱ ከረዘመ ሲወርዱ ይጎተታል። ሆዱ ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል። ሁለት በር ራንግለር ላይ ያ ርቀት 96.8 ኢንች ነው። አራት በሩ 118.4። የኔዋ ፎርራነር 109.8። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ሹል ጉብታ ላይ በሆድ መቀመጥ ይቀርባል። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ መርገጫ ሰቅዬ ሆዷን ዝቅ አድርጌያታለሁ። ነርሷ በዚያው ቦታ ሳትነካ የምታልፈው ከኔ ስለምትበልጥ ላይሆን ይችላል አለ። ይሄን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። ቀጥሎ ግን ምናልባትም ስለምትበልጥህ ነው ብሎ ጨመረ።

ስለ ፎር ሎውም አንድ ነገር አለ። ተራው ራንግለር ላይ ፎር ሎው 2.72 ለ1 ነው። ሩቢከን የሚባለው የራንግለር ዓይነት ግን 4 ለ1። ማርሹ በጣም ሲከብድ መኪናው እንደ ኤሊ ይሳባል፣ ፍሬን ሳይነካ ይወርዳል። ስለዚህ ለአንዱ አምስት የሆነው ለሌላው ሦስት ቢሆን አይገርምም።

መልስ 16

እዚህ ላይ ዱላው በኔ ላይ ነው። የመክፈቻ ጽሑፌ መጀመሪያ ላይ፣ ፓሱ ጫፍ ላይ በረዶ ስለነበር በሣሩ በኩል ዞረን አለፍን የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው። ጸሐፊው ያንን ይዞ ተነሳ። ከዛፍ መስመር በላይ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ፣ ያለው ሣር ሣር አይደለም፤ ታንድራ የሚባል ብርድ ላይ ቀስ ብሎ የሚበቅል ዕፅዋት ነው። አንድ ጊዜ ጎማ የረገጠው ለማገገም አሥርተ ዓመታት ይወስድበታል። እናንተ አቋራጭ ስትፈልጉ መንገዱን ያዘጉብናል አለ። ደረጃው አልገባኝም የሚል ሰው ሕጉን ቀድሞ ይማር ብሎ ዘጋ። በዚያውም ላይ ዳገት የሚወጣ መኪና ቅድሚያ እንዳለው፣ የሚወርደው ወደ ኋላ ብሎ ማሳለፍ እንዳለበት ለሁላችን አስታወሰ።

መልስ 17

እኔ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ዓረፍተ ነገሩንም ከላይ አነሳሁት። ጥፋቴን ለመደበቅ አልነበረም። ሌላ ሰው አንብቦ እንዳይደግመው ብዬ ነው። በረዶው ካላሳለፈ መመለስ ነበረብኝ።

መልስ 18 እና 19

ወሬው ወደ ሽሮ ዞረ። እንዴት እንደዞረ አሁንም አልገባኝም። አንዷ ተራራ ላይ ሽሮ ሠርታ አልበስል ብሏት ነበር። ሌላው 12,800 ጫማ ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ነው፣ ጊዜ ስጪው አላት። እሷም ጊዜ ሰጥቼው ጋዙ አለቀ ብላ መለሰች።

መልስ 20

ጋሼ ተመለሱ፣ ቁጣቸው በርዶ። ለነርሷ ነው የጻፉት። ልጄ፣ ቀድመሽ በእግርሽ መውረድሽ ደስ አሰኘኝ አሉ። በእሳቸው ጊዜ ይሄ የረዳት ሥራ ነበር። ወንዝ ሲደርሱ ረዳቱ ሱሪውን ጠቅልሎ ዱላ ይዞ ይገባል፣ ውሃው ጉልበቱን ካለፈ ይጠብቃሉ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። አለት ሲደርሱ ረዳቱ ወርዶ ፊት ለፊት ይቆማል፣ ሾፌሩ መንገዱን ትቶ የሱን እጅ ብቻ ያያል። እኔን ሚኒራል ክሪክ ላይ ያወጡኝ ሽማግሌም ያደረጉት ይሄንኑ ነው አሉ። አንድ ደንብም ጨመሩ። እጅ የሚያሳይ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሦስት ሰው ሲያመለክት መኪናው ገደል ይገባል።

ነርሷ ወዲያው ጋሼ፣ ልክ ነዎት ብላ መለሰችላቸው። እሷም ባሏን ያልወሰደችው በዚህ ምክንያት ነው ብላ ቀለደች።

መልስ 21

አጭርና ደረቅ። ተራ የመንገድ ዳር እርዳታ ብዙ ጊዜ አስፋልት ለቆ አይመጣም። ከተራራ መኪና የሚያወጡ ባለሙያዎች በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሊጠይቁ ይችላሉ። ከመሄድህ በፊት ኢንሹራንስህን አንብብ፣ ብቻህንም በአንድ መኪና አትሂድ አለ።

መልስ 22

በሚቀጥለው ጁላይ ኢሞጂንን ልሞክር ወይ ብዬ ስለጠየቅኩ ነርሷ ዕቅድ አወጣችልኝ። መጀመሪያ መርገጫውን አውልቅ። ቀጥሎ በሲልቨርተን ገብተህ ሲናሞንን ውጣ፣ 12,640 ጫማ ነው፣ እጅህን ያፍታታልሃል። እዚያ ፎር ሎውንና የተቀነሰ አየርን ተለማመድ። ኢሞጂን በሌላ ቀን ይሁን፣ ክረምቱ የጣለው በረዶ ተጠርጎ መከፈቱን አረጋግጠህ። ማለዳ ተነሳ። በጁላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ከዛፍ መስመር በታች ውረድ። ዩሬይ ስትደርስ ቡና የምትጠጣበት ቤት ያለውን ሰው ትናንት ከላይ የወረደ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ይሄ የጋሼ ዳጉ ነው አለች።

እኔ የምፈልገውን መልስ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን አሁንም አያለሁ። ከቁጥሩ ስር የተጻፈውን፣ የተጻፈበትን ቀንና የጸሐፊውን መኪና ግን አስቀድሜ አነባለሁ።

መልስ 23

ጋሼ፣ መኪናህ ውስጥ አንድ ቦታ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ከዳላስ እመጣለሁ፣ መንዳት አልፈልግም፣ ረዳት እሆናለሁ አሉ። ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩ። ለመቆምና እጅ ለማሳየት ጉልበት አያስፈልግም ብለው መለሱልኝ። ቦታው ተይዟል።

መልስ 24

እኔ ነኝ። መርገጫውን ዛሬ ማውለቅ ጀመርኩ። በአንድ ጎን አራት ብሎን አለው። የቀኙ ሁሉም ወጣ። የግራው፣ ያ የተጣመመው፣ ሦስቱ ወጥቶ አንዱ ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ። ዘይት ነፍቼበት አድሯል፣ ጭንቅላቱ መበላት ጀምሯል። ጋራዥ ሳልሄድ የሚወጣበት ዘዴ ያለው ካለ ይጻፍልኝ።